ሜዳው ለኢፍጣር ከቆመ ሳሎናችንስ?

ኳስ ወዳዶች ነን፤ ጾመኞችም ነን። ሁለቱ በአንድ ወር ሲገናኙ በየቤታችን የሚነሣውን ጭቅጭቅ አንባቢያን በደንብ ያውቁታል። አባት «አዛን ሊል ነው፣ ዝጋው» ይላል። ልጅ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ይለምናል። እናት ሾርባውን ካቀረበች ቆይታለች፤ ሳምቡሳውም እየቀዘቀዘ ነው። የዘንድሮው የ1446 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ደግሞ የመጣው የአውሮፓ ኳስ በጋለበት ሰሞን ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ፣ የካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሁሉም ከየካቲት 22 ወዲህ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ተደርድረው አለፉ።

ስለዚህ ወሩ ሳይወጣ፣ እኛ የኳስ ደጋፊዎች በዚህ ረመዳን ካየነውና ከሰማነው የተሰማንን እንናገር። ስለ ተጫዋቾቹ ጾም እንናገራለን፤ ስለ ዳኞቹና ስለ ፌዴሬሽኖቹም እንናገራለን። ከሁሉም በላይ ግን የምንናገረው ስለ ራሳችን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ስለተቀመጥነው ነው።

የሰዓቱ ነገር

በመጀመሪያ ሰዓቱን እንመልከት፤ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ዋና ዋና ጨዋታዎች በእነርሱ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። በክረምት ሰዓታቸው ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀሩ፣ ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ወር የአዲስ አበባ መግሪብ ከ12 ሰዓት ከ35 በኋላ ነው። እንግዲህ አዛኑ የሚሰማው የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

የካቲት 29 ቅዳሜ ሊቨርፑል በአንፊልድ ከሳውዝሃምፕተን ሲጫወት የሆነውን እናስታውስ። እዚህ ተምር ስናነሣ ውጤቱ ባዶ ለባዶ ነበር። ወደ መግሪብ ሶላት የተነሣው ሰው ሲመለስ የሊጉ ግርጌ የነበረው ሳውዝሃምፕተን በአጋማሹ ጭማሪ ደቂቃ አግብቶ ሲመራ አገኘው። ሶላቱን ትቶ የቀረው ሰው ምን አተረፈ? አንድ ጎል አየ፤ እርሱም የተቆጠረበት። ሊቨርፑል ከዕረፍት መልስ በኑኜዝ አንድ ጎልና በሞሐመድ ሳላህ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 3 ለ 1 አሸነፈ። ሳላህም የሊግ ጎሎቹን 27 አደረሰ። ሦስቱም የሊቨርፑል ጎሎች የተቆጠሩት ሰጋጁ ሰግዶ፣ ሾርባውን ጠጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሌሎቹ ሰዓቶችም ቢሆኑ የየራሳቸው ፈተና አላቸው። የቅዳሜው የምሽት ጨዋታ ለእኛ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ የተራዊሕ ሰዓት ነው። መጋቢት 7 እሑድ ኒውካስል ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ከ1955 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ዋንጫ ያነሣበት የካራባኦ ፍጻሜ የጀመረው በእኛ 1 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ከዒሻ አዛን ጋር ተያይዞ። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታዎች ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራሉ። መጋቢት 2 ፓሪ ሴን ዠርመን ሊቨርፑልን በመለያ ምት የጣለበት ጨዋታ ሲያልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ያን ያየ ሰው ለሱሑር የሚነሣው ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ተኝቶ ነው፤ ከነጭራሹ ያልተነሣም አይጠፋም።

አንዲት የመልስ ምት

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2021 ሌስተር ሲቲ በሜዳው ክሪስታል ፓላስን አስተናገደ። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ነበር። ጨዋታው የጀመረው በእነርሱ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሲሆን ፀሐይ የምትጠልቀው ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር። የሌስተሩ ተከላካይ ዌስሊ ፎፋናና የፓላሱ ሼኩ ኩያቴ ጾመኞች ነበሩ። የሁለቱ ቡድኖች አምበሎችና ዳኛው ከጨዋታው በፊት ተነጋግረዋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ኳስ ከሜዳ ወጣች፤ የፓላሱ ግብ ጠባቂ ቪሴንቴ ጉዋይታ የመልስ ምቱን ሳይመታ ቆየ። ፎፋናና ኩያቴ ወደ ሜዳው ዳር ሄደው አፈጠሩ። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ፤ ሌስተርም 2 ለ 1 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ፎፋና ሊጉን፣ ፓላስን፣ ግብ ጠባቂውንና የራሱን ክለብ በይፋ አመሰገነ። ከቀናት በፊት ከዌስት ብሮም ጋር በተደረገው ጨዋታ አሠልጣኙ ብሬንዳን ሮጀርስ ምግብ እንዲቀምስ ብለው በአንድ ሰዓት ገደማ ቀይረው አስወጥተውት ነበር። በፓላሱ ጨዋታ ግን መቀየር አላስፈለገውም፤ አንድ የመልስ ምት መዘግየቷ በቃች።

ይህ አሠራር ዛሬ በእንግሊዝ የተለመደ ሆኗል። ዳኛውና አምበሎቹ ከጨዋታው በፊት ይስማማሉ። ጨዋታው እየሄደ አይቆምም፤ ኳስ በራሷ ስትቆም፣ ለመልስ ምት ወይም ለእጅ ውርወራ፣ ጾመኛው ተጫዋች ወይም ጾመኛው ዳኛ ውኃና ተምር ይቀምሳል። አሠልጣኞች አጋጣሚውን ለታክቲክ ምክር እንዲጠቀሙበት አይፈቀድም። በጀርመንም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2022 ዳኛው ማቲያስ ዮለንቤክ የአውግስቡርግና የማይንዝን ጨዋታ ለአፍታ አቁመው የማይንዙ ተከላካይ ሙሳ ኒያካቴ ውኃ እንዲጠጣ ፈቀዱ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ለላይፕዚሹ ሞሐመድ ሲማካን እንዲሁ ተደረገ።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ወደፊት ይመጣል። በ2021 ፀሐይ በእንግሊዝ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለነበር ጉዳዩ የሌሊት ጨዋታዎች ብቻ ነበር። ዘንድሮ በመጋቢት የምትጠልቀው በእነርሱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የቅዳሜ አመሻሽና የእሑድ ጨዋታዎች ጉዳይ ሆነ። በ2030 እ.ኤ.አ. ረመዳን በጥርና በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ፀሐይ የምትጠልቀው ዋናዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች መሐል ላይ ነው። እንግዲህ ይህ ነገር እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። ከአሁኑ ሥርዓት ያበጀ ሊግ ያን ጊዜ አይቸገርም።

የፈረንሳይ እምቢታ

ከእንግሊዝ ባሕር ማዶ ያለችው ፈረንሳይ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በ2023 የረመዳን ወር የፈረንሳይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዳኞቹ ለኢፍጣር ብለው ጨዋታ እንዳያቆሙ አሳሰበ። ምክንያቱ ሃይማኖትን ከሕዝብ መድረክ የሚለየው የአገሪቱ መርሕ ነው። በዚያው ወር የናንቱ አሠልጣኝ አንትዋን ኮምቧሬ በጨዋታ ቀን መጾም አይቻልም ብለው አልጄሪያዊውን ተከላካይ ዣወን ሐጃምን ከቡድናቸው ውጭ አደረጉት። በሌሎች ቀናት ቢጾም ችግር እንደሌለባቸው፣ በጨዋታ ቀን ግን ለጉዳት እንደሚሰጉ ነው የተናገሩት። በ2024 ደግሞ ፌዴሬሽኑ ወደ ብሔራዊ ቡድን የተጠሩ ወጣቶች በካምፕ ሳሉ ጾማቸውን ለሌላ ጊዜ እንዲያስተላልፉ አዘዘ። የሊዮኑ አማካይ ማሐማዱ ዲያዋራ ከ19 ዓመት በታች ቡድኑን ካምፕ ጥሎ ወጣ።

የጉዳት ስጋት ባዶ ወሬ ነው አንልም። ውኃ ያልጠጣ ሰውነት በሙቀት ውስጥ ሲሮጥ ይጎዳል፤ የቡድን ሐኪም ይህን ቢያስብ ግዴታው ነው። ሐኪሙና ተጫዋቹ ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ ልምምዱ ወደ ማታ ቢዞር፣ የሱሑሩ ምግብ ቢታሰብበት እኛም ደስ ይለናል። እኛን የሚከነክነን ሌላ ነው። የመልስ ምት በአንድ ደቂቃ ቢዘገይ የማን መብት ይነካል? ተጫዋች እግሩን ሲይዘው ጨዋታ ይቆማል። የጫማ ክር ሲፈታ ይቆማል። የቪዲዮ ዳኛው አንድ የትከሻ ጫፍ ከመስመር አለፈ አላለፈ ብሎ ሲለካ አራትና አምስት ደቂቃ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲሆን የኳስ ክብር አልተነካም። ለአንድ ጉንጭ ውኃ ሲቆም ብቻ የሚነካ ክብር ካለ፣ ክብሩን በሌላ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ዲያዋራን ደግሞ እናስበው። ያኔ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። የአገሩን ማልያ ለመልበስ ስንት ዓመት ለፍቷል። ያን ልጅ ከሁለት አንዱን ምረጥ ማለት ከበድ ያለ ነገር ነው። ከወላጅ ቦታ ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ ጉዳይ ስፖርት ብቻ አይደለም።

«ጾሙ ነው ያዳከመው»

ዘንድሮ ደጋግመን የሰማነው ወሬ ይህ ነው። ሳላህ በሁለቱ የፓሪስ ጨዋታዎችና በኒውካስሉ ፍጻሜ እንደ ወትሮው አልሆነም። ወዲያው «ጾሙ ነው» ተባለ። እኛ እንደ ደጋፊ የምናስታውሰው ሌላ ነው። በፓሪስ ጨዋታዎች ኑኖ ሜንዴስ የተባለው የግራ ተከላካይ መተንፈሻ አልሰጠውም። ሁለቱም ጨዋታዎች የተጀመሩት ፀሐይ ከጠለቀች ከሰዓታት በኋላ ነው። ተጫዋች በጥሩ ተከላካይ ሲያዝ ይያዛል፤ ለዚህ ጾምን ምክንያት ማድረግ አያስፈልግም።

ያው መጋቢት 2፣ ሳላህ በአንፊልድ ሲሸነፍ፣ በባርሴሎና ምን ሆነ? ጾመኛው የ17 ዓመት ልጅ ላሚን ያማል ከቤንፊካ ጋር ሜዳ የገባው ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። በ11ኛው ደቂቃ ለራፊኛ ጎል አመቻቸ፤ በ27ኛው ደቂቃ ራሱ ከሩቅ ድንቅ ጎል አገባ። ባርሳ 3 ለ 1 አሸንፎ አለፈ። የጾሙ ክርክር እውነት ከሆነ የያማልን ምሽት ማን ያብራራልን?

ወደኋላም መሄድ ይቻላል። በቅርጫት ኳስ ሐኪም ኦላጁዎን የተባለው የሂዩስተን ሮኬትስ ግዙፍ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የካቲት ከሞላ ጎደል ረመዳን በነበረበት ወር የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑ የኤንቢኤን ዋንጫ አነሣ። ካሪም ቤንዜማ በ2022 ረመዳን በቼልሲ ሜዳ ሐትሪክ ሠራ። ይህን ስንል ጾም ጎል ያስገባል ማለታችን አይደለም። ጎል የሚያስገባው ችሎታና ልምምድ ነው። ጾም ሰውን ያደክማል፤ ድካም መኖሩንም የሚጾም ሰው ራሱ ያውቀዋል። ነገር ግን ተጫዋቹ ሲያሸንፍ የማይነሣው ጾም፣ ሲሸነፍ ብቻ መነሣቱ አድልዎ ነው።

የእኛዋ ሲፋን

ስለዚህ ነገር ስናወራ አዳማ የተወለደችውን ሲፋን ሐሰንን ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል። ለኔዘርላንድስ ነው የምትሮጠው፤ ትውልዷ ግን ከእኛው ነው። በ2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ልትሮጥ የተዘጋጀችው ረመዳንን እየጾመች ነበር። ውድድሩ የተካሄደው ከዒድ ማግስት ሰሞን፣ ሚያዝያ 23 እ.ኤ.አ. ነው። በመሐል መንገድ ዳሌዋን ይዟት ቆመች፤ እግሯን አሳስባ ወደኋላ ቀረች። ከዚያ ተመልሳ መሪዎቹን ደረሰችባቸውና በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አሸነፈች።

በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በአምስት ሺህና በዐሥር ሺህ ሜትር ነሐስ ከወሰደች በኋላ ማራቶኑን በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ሁለተኛ የሆነችው የእኛዋ ትግስት አሰፋ ናት፤ ልዩነታቸው ሦስት ሰከንድ። ሲፋን ሜዳሊያዋን ለመቀበል የወጣችው ሒጃብ ለብሳ ነው። ይህ የሆነው የፈረንሳይ ሴት ስፖርተኞች ለአገራቸው ሲወዳደሩ ሒጃብ እንዳይለብሱ በተከለከሉበት ኦሊምፒክ ላይ ነው። በየቤታችን ያሉ ሴት ልጆች ያን ምስል አይተውታል። ስለ ረመዳንና ስፖርት ሲወራ የወንዶቹን ኳስ ብቻ ስናወራ እነርሱ ከጎናችን ተቀምጠው እንደሚሰሙ አንርሳ።

በሰው ጾም ዳኛ አንሁን

እስካሁን የጾሙትን አመሰገንን። ያልጾሙትንስ? በዚህ ላይ ብዙዎቻችን ምላሳችን ይፈጥናል። በ2018 ሳላህ በኪየቩ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ቀን እንደማይጾም ሲሰማ ስንቱ ፈረደበት። በጨዋታው ከሰርሒዮ ራሞስ ጋር ተያይዞ ወድቆ ትከሻው ሲጎዳ «ስላልጾመ ነው» ያለም አልጠፋም። ይህ ነውር ነው። ቁርኣን ለበሽተኛና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲያወጡ ፈቅዷል። ከሊቨርፑል ወደ ኪየቭ የሄደ ሰው መንገደኛ ነው። ዝርዝሩን ዑለሞች ይናገሩት፤ የቡና ቤት ፍርድ ግን ለማንም አይጠቅምም።

በ2014 የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ በፖርቶ አሌግሬ ከጀርመን ጋር በተጫወተች ጊዜ የአልጄሪያው አሠልጣኝ ቫሂድ ሐሊልሆጂች ተጫዋቾቻቸው ይጾሙ እንደሆን ሲጠየቁ መልስ አልሰጡም። የግል ጉዳይ ነው፣ መጠየቁም አክብሮት ማጣት ነው አሉ። በዚያው ጨዋታ በጀርመን በኩል የተሰለፈው መሱት ኦዚል ሥራ ላይ ስለሆነ እንደማይጾም በግልጽ ተናግሮ ነበር። ጨዋታው እስከ ጭማሪ ሰዓት ሄዶ ጀርመን 2 ለ 1 አሸነፈች። በአንድ ሜዳ ላይ የተለያየ ውሳኔ የወሰኑ ሙስሊሞች ነበሩ። ውሳኔያቸው በእነርሱና በጌታቸው መካከል ነው። የሐሊልሆጂች መልስ ለእኛም ይበቃናል።

እኩለ ሌሊት ላይ ዋልያዎቹ

ከባዕድ አገር ኳስ ወደ ራሳችን እንምጣ። መጋቢት 12 ዓርብ ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን «በሜዳው» አስተናገደ። ሜዳው ግን ካዛብላንካ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን ዋልያዎቹ ለዓመታት የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ ቆይተዋል። ሞሮኮ ረመዳንን ስለምታከብር ጨዋታው ከተራዊሕ በኋላ ተደረገ፤ ለእኛ እኩለ ሌሊት ሆነ። ሳላህና ዚዞ በመጀመሪያው አጋማሽ አስቆጥረው 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከሦስት ቀን በኋላ ጅቡቲን 6 ለ 1 ብናሸንፍም የዚያች ሌሊት ስሜት አልለቀቀንም።

የዚያች ሌሊት ነገር ለእኛ ድርብ ነበር። በአንድ በኩል ዓመቱን ሙሉ የምንደግፈው ሳላህ የራሳችንን መረብ ሲነካ ማየት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ሌሊቷ ከመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች አንዷ ናት። እነዚህን ሌሊቶች ዓመቱን ሙሉ ነው የምንጠብቃቸው። ስታዲየም ቢኖረን ኖሮ ጨዋታው በአገራችን፣ በእኛ ሰዓት፣ ከኢፍጣርም ከተራዊሕም ጋር ተስማምቶ ሊዘጋጅ ይችል ነበር። ሞሮኮዎች ለራሳቸው ያደረጉትን እኛ ለራሳችን ማድረግ አልቻልንም። ልጆቻችን አገራቸው ስትጫወት ለማየት ሌሊት መንቃት፣ ተጫዋቾቹም የራሳቸውን ሕዝብ ድምፅ ሳይሰሙ መጫወት የለባቸውም። የስታዲየም ጉዳይ የሲሚንቶ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያች ሌሊት አሳይታናለች።

የደጋፊው ጾም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ተጫዋቹ ጾመ፣ ዳኛው ቆመ፣ ግብ ጠባቂው ታገሠ። ደጋፊውስ?

የመጀመሪያው ፈተና ምላስ ነው። ውሸትንና ክፉ ንግግርን ያልተወ ሰው ምግብና መጠጥ በመተዉ ምን እንደሚያተርፍ በየመስጂዱ እንሰማለን። ከዚያ ወጥተን ኳስ ቤት ስንገባ የተቃራኒውን ደጋፊ እንሳደባለን፤ ዳኛውን በእናቱ እንረግማለን፤ የተጫዋቹን ቀለም ሳይቀር የምናነሣ አለን። በቀልድ የሚጀምር «የእናንተ ቡድን» ነገር ወንድማማቾችን ለሳምንት ሲያኳርፍ ታይቷል። በጾም አፍ ይህ ሲሆን የማን ቡድን ማሸነፉ ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ውርርድ ነው፤ በሰፈሩ ስሙ ቤቲንግ። ይህን በለሆሳስ ማለፍ አንፈልግም። ባለፉት ዓመታት የውርርድ ቤቶች በየመንደሩ ተከፍተዋል፤ ስልክ ያለው ወጣት ደግሞ ከአልጋው ሳይነሣ ይቆርጣል። ቁርኣን ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ አውግዞታል። «ዐሥር ብር ብቻ ናት» የሚለው ነገር እንዴት እንደሚያድግ ብዙ እናቶች ያውቁታል፤ መጀመሪያ የኪስ ገንዘብ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከዚያ የቤት ዕቃ። ውርርድ የኳስን ፍቅርም ይገድላል። የቆረጠ ልጅ ጨዋታ አያይም፤ ቲኬቱን ነው የሚያየው። ያማል ድንቅ ጎል ሲያገባ «ሦስተኛው ለምን አልገባም» ብሎ የሚናደድ ሰው ኳስ ወዳድ መሆኑ ቀርቷል። ቀን ሙሉ ጾሞ ማታ ቲኬት ይዞ የሚጠብቅ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ይህ ወር ሳያልቅ በፍቅር አነጋግሩት። በጩኸት የተናገርነው ልጅ ስልኩን ይደብቃል እንጂ አይተውም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አንድ ጨዋታ ከዕረፍቱና ከጭማሪው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከጨዋታው በፊት ግምት፣ ከጨዋታው በኋላ ትንተና፣ ቀጥሎ የስልክ ክርክር አለ። ሁሉም ተደምሮ የሌሊቱን ግማሽ ይበላል። ኳስ ማየት ኃጢአት ነው አንልም፤ እኛም እናያለን። ነገር ግን የሌሊት ጨዋታ አይቶ ፈጅር ያመለጠው ሰው፣ ማን እንዳሸነፈ ቢነግረንም እርሱ ራሱ ምን እንደጠፋበት ያውቀዋል።

ለቤታችን

በየቤታችን ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ከሜዳው የተማርነው ነው። አምበሎቹና ዳኛው አስቀድመው ይስማማሉ ብለናል። አባትና ልጅም እንዲሁ ይስማሙ። ጨዋታው ሳይጀመር «አዛን ሲል ይቆማል» ተብሎ ይነገር፤ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ የለም። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ዱዓ ይደረግ፤ ተምር ይቀመስ፤ መግሪብ በጀመዓ ይሰገድ። የሰገደ ሰው ሲመለስ ወይ የአጋማሹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ወይ ዕረፍት ሆኗል። የካቲት 29 እንዳየነው የሚያመልጠው ከአንድ ጎል አይበልጥም።

አባቶችም የራሳቸውን ድርሻ ይወጡ። ኳስ የሚያይ ልጅን እንደ ጠፋ ልጅ አይቁጠሩት። አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ፎፋና፣ ስለ ያማል፣ ስለ ሲፋን ይጠይቁት። በዓለም ፊት ሲጫወት አላፍርም ብሎ የሚጾም የ17 ዓመት ልጅ ለዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከብዙ ቁጣ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል። እናቶችና እህቶችም ኢፍጣር ካቀረቡ በኋላ ቁጭ ብለው ማየት ይገባቸዋል፤ ጨዋታው ለወንዶቹ፣ ዕቃ ማጠቡ ለሴቶቹ የሚባል የረመዳን ሕግ የለም። ወንዱ ልጅ በዕረፍቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሳህን ቢያጥብ አንድ ጎል አያመልጠውም።

ለቀሩት ሌሊቶች ደግሞ መርሐ ግብሩ ራሱ አግዞናል። ፕሪሚየር ሊጉ በብሔራዊ ቡድኖች ምክንያት ተቋርጦ የሚመለሰው ከዒድ በኋላ ነው። ቅዳሜ የኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ቢኖርም በሌሊት አይደለም። በእንግሊዝ አንድ ግብ ጠባቂ ለሁለት ጾመኞች ብሎ ኳሷን መሬት ላይ አስቀምጦ ጠበቀ፤ እነዚህን ጥቂት ሌሊቶች እኛም ስልካችንን እንዲሁ አስቀምጠን ብንጠብቃቸው የሚጎዳ ቡድን የለም።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። መልካም ዒድ ለሁላችሁም።